ጉልበትና ልጓም

የሰው ልጅ በእጁ የገባውን ነገር እንደ ተቀበለው አይተወውም። የወረሰውን ቤት ያድሳል፤ የደነዘውን ማረሻ ያስላል፤ የዛገውን ይወለውላል፤ የጎደለውን ይሞላል። ይህም ጠባይ የሥልጣኔ ሁሉ መነሻ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ማሻሻል የሚባለውን ሥራ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም «ከብዙው ጉድለት መካከል አስቀድሞ መሻሻል የሚገባው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ለባለሙያ ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የሕሊና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከፍ ካለ የፍልስፍና መድረክ ላይ ሳይሆን በጋራዥ ውስጥ፥ ከአንድ አሮጌ አውቶሞቢል አጠገብ ቆመን ልንመረምረው አስበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ፥ በጀርመን፥ በጃፓንና በአሜሪካ አሮጌ መኪና ገዝተው ጥቂት በጥቂት እያሻሻሉ፥ በሥራ ቀን ወደ ሥራቸው የሚሄዱበት፥ በዕረፍት ቀን ደግሞ ለእሽቅድምድም በተሠራ ዝግ ሜዳ የሚነዱበት ብዙ ሰዎች አሉ። ወደ ሜዳው የሚሄዱት ሁልጊዜ ዋንጫ ለመሻማት አይደለም፤ ዋጋ ከፍለው፥ የራስ ቁር ደፍተው፥ የሜዳውን ደንብ ከአስተናባሪዎች አፍ ሰምተው የመኪናቸውንና የራሳቸውን ችሎታ ይፈትናሉ። ማታ ደግሞ በዚያው መኪና፥ ሕፃንና ሽማግሌ በሚሻገርበት በአደባባይ ጎዳና፥ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

እንግዲህ ከአንድ ዕቃ ሁለት አገልግሎት ይፈለጋል ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ፈተና የሚያልፉበት የራሳቸው ብልሃት ነበራቸው። መኳንንቱ ሩቅ መንገድ ሲሄዱ በበቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ ግን ተጭኖ ከጎን ይሳብላቸው ነበር። በቅሎ እርምጃዋ የማያናውጥ፥ ገደልና ድንጋይ የማያስደነግጣት ስለ ሆነች ለመንገድ ትመረጥ ነበር፤ ፈረስ ደግሞ ለጦርነትና ለጉግስ ይጠበቅ ነበር። የዛሬው ባለ መኪና ግን በቅሎዋንም ፈረሱንም ከአንድ አካል ይፈልጋል።

ምኞቱ ከንቱ ነው እንዳንል ታሪክ ይከለክለናል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1956 በስዌዝ ቦይ ምክንያት በተነሣው ጠብ በእንግሊዝ አገር ቤንዚን በመጠን መታደል ስለ ጀመረ፥ የብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን አለቆች ነዳጅ የሚቆጥብ ትንሽ መኪና እንዲሠራላቸው አሌክ ኢሲጎኒስ የተባለውን መሐንዲስ አዘዙት። እርሱም ሞተሩን አግድም አጋድሞ፥ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አኑሮ፥ ቁመቱ ከ3 ሜትር ብዙ በማይበልጥ መኪና ውስጥ አራት ሰው የሚቀመጥበትን ስፍራ አገኘ። «ሚኒ» የተባለው ይህ መኪና በ1959 ለገበያ ሲቀርብ የሞተሩ ይዘት 848 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ኃይሉም 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረ። የታሰበውም ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ እንጂ ለእሽቅድምድም አልነበረም።

ዳሩ ግን ጆን ኩፐር የተባለ የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ፥ ይኸውም ቡድኑ በ1959 እና በ1960 በፎርሙላ አንድ የሠሪዎችን የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘለት ሰው፥ ይህች ቀላል መኪና ጥምዝ መንገድ ስትይዝ እንዴት እንደምትጸና አይቶ ከፍ ሊያደርጋት ወደደ። በ1961 «ሚኒ ኩፐር» ወጣች፤ ሞተሯ 997 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ጉልበቷ 55 ሆነ። አንባቢያችን እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጉልበቱ ከ34 ወደ 55 ባደገበት ጊዜ የፊት እግሮቹ ፍሬንም ከታምቡር ወደ ዲስክ ተለወጠ። በ1963 «ኩፐር ኤስ» 1071 ሴንቲ ሜትር ኩብና 70 የፈረስ ጉልበት ይዛ ስትወጣ ዲስኩ እንደ ገና ሰፋ፤ ፍሬን ለሚረግጠው እግር የሚያግዝ መሣሪያም ተጨመረ። ሚኒ በ1964፥ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈች። ትንሿ የቤተሰብ መኪና ከታላላቆቹ ጋር የተወዳደረችው ጉልበት ብቻ ተጨምሮላት አልነበረም፤ ልጓሟም አብሮ አድጓል።

ዛሬ የሚኒ ባለቤት የሆነ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው የቀድሞው ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና ሥራ በ2000 ስለ ቆመ፥ የመጨረሻዋ ሚኒ እንኳ አሁን አሮጌ ናት። ባለቤቷ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ጋራዥ ሲገባ ልቡ ወዴት ያደላል? ብዙ ጊዜ ወደ ሞተሩ ነው። ምክንያቱም ጉልበት ምስክር አለው፤ ማርሚታው ሲያጓራ መንገደኛው ዘወር ብሎ ያያል፥ ወዳጅም ያደንቃል። የፍሬን ዘይት ያስቀየረ ሰው ግን ለማን ያሳያል? በልጓም የሚመካ ፈረሰኛ ከወዴት ይገኛል? የሞተር ኃይል በፈረስ ጉልበት ተቆጥሮ ይነገራል፤ የፍሬን ኃይል ግን የሚታወቀው በጠፋበት ቀን ነው።

የተፈጥሮ ሕግ ደግሞ ለዚህ ስሕተት ምሕረት የለውም። ተንቀሳቃሽ አካል የሚሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ወደ 120 ብትደርስ ፍሬኗ የሚውጠው ኃይል አራት ጊዜ ይበዛል። ፍሬንም መኪናን የሚያቆመው ይህን ኃይል ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። እንግዲህ በእሽቅድምድም ሜዳ በጥምዙ መግቢያ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ይደርስ የነበረ መኪና ሞተሩ ተሻሽሎ 120 ቢደርስ፥ ባለቤቱ ፍጥነቱን 20 በመቶ የጨመረ ይመስለዋል፤ ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት ግን ቢያንስ 44 በመቶ ጨምሯል። ይህም አንድ ጊዜ ሳይሆን ለመቀዝቀዝ ፋታ ሳይገኝ በየዙሩ የሚመላለስ ነው።

ከዚህም ጋር የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ በደረጃ ተወስኗል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የተወሰነው ልክ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ ነጂው ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ያለ መከልከል እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዐባይን በረሃ ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። በዚያ ቁልቁለት የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል፤ ልምድ ያለው ሾፌርም ገና ከላይ ሳለ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ፥ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አቆይቶ እንደሚወርድ ያያል። ያ ሾፌር ፍርሃት ይዞት አይደለም፤ የሚወርድበትን ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ የማሻሻል ሥርዓት ከመዳን ይጀምራል ብለን እናምናለን። አሮጌ መኪና ከመበርታቱ በፊት መዳን አለበት። የዛገው ወለል ይጠገናል፤ የተሰነጠቀው የፍሬን ቱቦ ይለወጣል። ጎማውም ይመረመራል፤ ምክንያቱም መኪና የቱንም ያህል ቢከብድ መሬትን የሚነካው በእያንዳንዱ ጎማ የአንድ መዳፍ ያህል በሆነ ስፍራ ብቻ ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ጥርሱ ገና ያልተበላ፥ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ጎማ ላስቲኩ በዕድሜ ደርቆ የመያዝ ኃይሉን ያጣ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ ፍሬኑ፥ ቀጥሎ ንዝረቱን የሚያበርደው ክፍል፥ ቀጥሎም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ይበረታል። ጉልበት የሚጨመረው በመጨረሻ ነው።

በዚህ ላይ ሥራው አንድ በአንድ መሆን አለበት። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመውና የትኛው እንደ ጎዳው ለይቶ አያውቅም። አንዱን ለውጦ፥ ነድቶ፥ አስተውሎ ወደ ሌላው የሚሻገር ግን መኪናውን እያወቀው ይሄዳል። በሚኒ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ጥርሱ የደከመ ካምቢዮ የሚያራግፈው የብረት ፍርፋሪ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይዞራል፥ ያንዱም ጉዳት ለሌላው ይተርፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለሰነፍ ማጽናኛ የተነገረ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ግን የሥራ መመሪያ ነው እንላለን። እግር ሳያወጣ እንዲሄድ የተገደደ እንቁላል መሰበሩ አይቀርምና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይረቅቃል። ከፍ ያለ ነገር ሁሉ በየስፍራው መልካም ይመስለናል፤ ጎዳናና ሜዳ ግን ይህን እምነታችንን ያፈርሱታል። ለእሽቅድምድም የተሠራ የፍሬን ሸራ በታላቅ ሙቀት የማይደክም ብርቱ ነው፤ ነገር ግን በደንብ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ስለ ሆነ፥ በማለዳ ከቤት ወጥቶ ገና በመጀመሪያው መገናኛ ላይ ሕፃን ድንገት ቢሻገርበት ሊለግም ይችላል። በመኪና ውስጥ የሚታሠር የብረት ቅርንቅፍ በሜዳ ላይ የራስ ቁር የደፋውን ነጂ ከመገልበጥ አደጋ ይጠብቀዋል፤ በጎዳና ላይ ግን ቁር ያልደፋ ራስ በግጭት ጊዜ የሚመታው በዚያው ብረት ነው። ለደረቅ ሜዳ የተሠራ ጥርስ የሌለው ጎማ በክረምት ዝናብ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እንግዲህ በአንዱ ስፍራ ጠባቂ የሆነው በሌላው ጠላት ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁለት አገልግሎት የሚሰናዳ መኪና በሁለቱም ፍጹም ሊሆን አይችልም። ባለቤቱ አንዱን ለመጨመር ከሌላው መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ታዲያ ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ የማን ጥቅም ይቅደም? እኛ «የጎዳናው ይቅደም» እንላለን፤ ምክንያታችንም ይህ ነው። በዝግ ሜዳ የገባ ሰው ሁሉ ወዶ የገባ ነው፤ አደጋውን ያውቃል፥ ቁሩን ደፍቷል፥ ደንቡን ተቀብሏል። በጎዳና የሚሻገረውን ግን ማን ጠየቀው? ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፥ ከገበያ የምትመለሰው እናት፥ ምርኩዝ የያዘው አረጋዊ በእኛ ደስታ ላይ ሕይወታቸውን ለማስያዝ አልፈረሙም። ሰው በራሱ ሕይወት ቢደፍር ጉዳቱን የሚቀበለው ራሱ ነው፤ በሌላው ሕይወት ሲደፍር ግን ድፍረቱ ጀግንነት መባሉ ቀርቶ በደል ይባላል።

ሕግ ለዚህ በቂ አይደለምን? የሚል ቢኖር አንድ ምሳሌ እንስጠው። በእንግሊዝ አገር መኪኖች በየዓመቱ ይመረመራሉ። ነገር ግን ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፈው መኪና በመሠረቱ ያልተለወጠ እንደ ሆነ ከዚህ ምርመራ ነጻ ነው፤ በመልካም ሁኔታ የመጠበቁ ኃላፊነት ግን ከባለቤቱ ላይ አልወረደም። እነሆ ሕጉ መርማሪውን አነሣለትና ባለ መኪናውን ከሕሊናው ጋር ብቻውን ተወው። የሰው እውነተኛ ጠባዩ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። የሚመረምረው ሲኖር ፍሬኑን የሚያሳድስ መርማሪውን ፈርቷል፤ የሚመረምረው ሳይኖር የሚያሳድስ ግን በመንገድ ላይ ያለውን የማያውቀውን ሰው አክብሯል።

ከዚህ ላይ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይነሣል። ፍሬኑ፥ ጎማው፥ ወንበሩ፥ በመጨረሻም ሞተሩ የተለወጠ መኪና ያው የቀድሞው ነውን? የአገራችን የሣር ቤት መልሱን ይነግረናል። ክዳኑ በየጊዜው ይለወጣል፤ የበሰበሰው ማገር ይነሣል፤ ጭቃው እንደ ገና ይመረጋል፤ ልጁ ግን ዘወትር «ያባቴ ቤት» ይለዋል። ያ ቤት አንድ ሆኖ የኖረው ሣሩ ስላልተለወጠ አይደለም፤ ያደሰው እጅ የቤቱን ዓላማና መልክ ስለ ጠበቀ ነው። ሚኒም እንደዚሁ ናት። ቀላልነቷና ትሕትናዋ ተጠብቆ ብትታደስ ያችው ናት፤ የማትችለውን ሞተር ተጭና፥ መሪዋ እየተወላገደ፥ ለጎዳናም ለሜዳም የማትሆን ብትሆን ግን ስሟ ቢቀር እንኳ እርሷ የለችም። ስለዚህ የመሻሻል ወሰኑ የገንዘብ ማለቅ ብቻ አይደለም፤ የነገሩ የራሱ ባሕርይ ወሰን አለው፤ በቃ ማለትም የማሻሻል አንዱ ክፍል ነው።

በዚህ ሐሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ የባለጠጋ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ነው። በእውነቱ በሜዳ መንዳት በአገራችን የብዙዎች ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘብን በከንቱ ማባከንም እንደ ሆነ እንነቅፋለን። አሮጌ መኪናን ጠብቆ ማሳደር ግን ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የአዲስ አበባ መካኒኮች የአሮጌውን ፎልክስዋገን ዕድሜ በእጃቸው ጥበብ ሲያረዝሙ ኖረዋል። በ2024ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ ሲነገር፥ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ መኪኖች እንክብካቤ የሚሹ መሆናቸው ይበልጥ ተገለጠ። የሜዳውን ፍጥነት ባንሻ፥ መዳን ከመበርታት ይቅደም የሚለው ሥርዓት ግን ያስፈልገናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይጠነክራል። «ሁልጊዜ ስለ ልጓም ብቻ የሚያስብ ሰው መቼ ይጋልባል? በጥንቃቄ ስም ስንፍና የተሸሸገበት ጊዜ አልበዛምን?» ይላል። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። ፍሬን ብቻውን ማንንም ወደ የትም አያደርስም፤ ለዘላለም በጋራዥ የቆመ መኪና ማንንም ባይገጭ ይህ ምስጋና አይሆነውም። ነገር ግን ልጓሙ የታመነ ፈረስ ነው ያለ ስጋት የሚጋለበው። ፍሬኑን የሚያምን ነጂ እስከ ጥምዙ አፍ ድረስ በሙሉ ኃይሉ ይሄዳል፤ የማያምን ግን ከሩቅ ጀምሮ እያመነታ ይዘገያል። ስለዚህ ልጓም የጉልበት ጠላት አይደለም፤ ጉልበት በሥራ ላይ የሚውልበት በር ነው እንጂ።

በመጨረሻም ከሁሉ ዘግይቶ የሚታሰበውን፥ ነገር ግን መቅደም የሚገባውን እናንሣ፤ እርሱም ነጂው ነው። መኪናው በየወሩ እየተሻሻለ ነጂው እንደ ነበረ ቢቀር፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየወሩ ይሰፋል። ጥቂት በጥቂት ማሻሻል ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ የሚበልጠው፥ ለነጂው ከመኪናው እኩል የሚያድግበት ጊዜ መስጠቱ ነው። ባለ 34 የፈረስ ጉልበቷን ሚኒ በሥርዓት መንዳት ያልተማረ፥ 70 ቢሰጡት ስሕተቱ በፍጥነት ይገለጥበት እንደ ሆነ እንጂ ሌላ የሚያተርፈው የለም።

ይህን የምናነብ ሁላችን፥ በጽሕፈት ቤት ብንሆን፥ በትምህርት ገበታ ላይ ብንሆን፥ በየጊዜው ጉልበት የሚጨመርልን ሰዎች ነን። ለአንዱ ሹመት፥ ለአንዱ ዕውቀት፥ ለአንዱ ገንዘብ ይጨመርለታል፤ ሰውም ሰምቶ ደስ ይለዋል፥ እንኳን ደስ ያለህም ይለዋል። ያን ጊዜ ልጓምህስ አደገ ወይ ብሎ የሚጠይቀን ግን እምብዛም አይገኝም። ጥያቄውን ለራሳችን ማቅረብ የሚገባን እኛው ነን፤ የሚጠይቀንም በቁልቁለቱ መካከል ሳለን ሳይሆን፥ ልምድ ያለው የዐባይ በረሃ ሾፌር እንደሚያደርገው ገና ከላይ ሳለን ቢሆን ይሻላል።